የኋላ ግራ ፓራፋንጎ

ባሌ ቲላካሲሪ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ እኔ አላየሁም። ብርጭቆውን ይዞ ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ውጭ በር፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ሻዩ ሲያልቅ ብርጭቆውን ከደረሰበት ይተወዋል፤ ፈላጊዋ እኔ ነኝ። በባሕሩ ዳር በሚያልፈው ባቡር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ባንዲራና ፊሽካ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየተዘዋወረ። ጡረታ ሲወጣ "አሁንስ አረፍኩ" ብዬ ነበር፤ ሞኝ! ይኸው አራት ዓመት ሆነው፣ የባቡሩ ድምፅ ከሩቅ በተሰማ ቁጥር ዛሬም ሰዓቱን ያያል።

የእኔ ሥራ ደግሞ ቁጭ ብሎ ነው። ዳንቴል እሠራለሁ፤ ክቡን ትራስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ክር የተጠቀለለባቸውን ቀሰሞች ግራና ቀኝ እያቀያየርኩ። እዚህ ዶዳንዱዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። እሱ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቀሰሞቼ ይንኳኳሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ!"

"እየወጣሁ እኮ ነው፣ ያሶ" ይላል፣ ስሜን አቆላምጦ፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል።

ቤታችን ጀምሮ በተዋቸው ነገሮች የተሞላ ነው። ፎቅ እሠራለሁ ብሎ ያቆማቸው ብረቶች ከጣሪያው በላይ ወጥተው ቁራ ይሰፍርባቸዋል። የዶሮ ቤቱ በር የለውም። የጎረቤታችን የዓሣ አጥማጁ የኒሃል ሚስት "ባልሽ ዘንድሮስ ምን ጀመረ?" እያለች ትስቅብኛለች። ስለዚህ ባለፈው ታኅሣሥ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቆርቆሮ ለብሳ የቆመችውን የአባቱን መኪና ገልጦ "ይህችን አድሳለሁ" ሲል ደስ አላለኝም። ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ቀሰሞቼን አስጣለኝ።

"በዚህ በሚያዝያው ዘመን መለወጫ" አለ፣ "በአባባ መኪና አያ ቤት ሄጄ በእጁ ዘይት እቀባለሁ።"

አያ ያለው ታላቅ ወንድሙን ጂናዳሳን ነው። ከሐይቁ ማዶ ራትጋማ ነው የሚኖሩት፤ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ። ከደጃቸው ከረገጥን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቼ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ያቺን ሞሪስ ማይነር ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዷት ነበር ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ አርብ አርብ በራሳቸው ነጠላ ሽርጥ ነበር የሚወለውሏት። ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን አስጠሩ። ክፍሉ በዘመድ ተሞልቷል። "መኪናዬን" አሉ፣ "አንድ ቀን እንኳ ላላጋጫት ልጄ፣ ለቲላካ ሰጥቻለሁ።" አያ ጂናዳሳ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ነበር። ባሌን አዩት። ትክ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ባሌ መስኮቱ ጋ ሄዶ መጋረጃውን ይጎትት ጀመር። ከዚያ አያ ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ቀብሩ ላይ ግዴታቸውን ተወጥተው፣ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እነሱም አልመጡ፣ እኛም አልሄድን።

በእኛ አገር በዘመን መለወጫ ታላቅ ለታናሽ አናቱ ላይ ዘይት ያኖርለታል፤ ዕድሜና ጤና ይመርቅለታል። አባት ሲያልፍ ይህ የታላቅ ወንድም ድርሻ ነው። ባሌ አሥራ አንድ ዓመት ዘመድ እንደሌለው ሰው ቤተ መቅደስ ሄዶ መነኩሴ ነው የሚቀባው። ሲመለስ ዘይቱ ግንባሩ ላይ ወርዶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ያን ቀን ከማንም ጋር አያወራም። እኔማ አያን ስንት ጊዜ አምቻቸዋለሁ! "ለአንዲት አሮጌ መኪና ወንድም ይቆረጣል? ስስታም!" ብያለሁ፤ አንዴም ሁለቴም አይደለም።

እናም ሥራው ተጀመረ። የባሕር አየር ብረት አይምርም። በሮቹ ሥር ጣቴን ብሰካ እስከ አንጓዬ ገባ። ባሌ ብየዳውን ከስልክ ላይ እያየ ተማረ፤ ጓሮዬ የብረት ፍርፋሪ ሆነ፤ ባዶ እግሬን መሄድ ተውኩ። በመፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይልጣል፤ አረንጓዴው ሲወርድ ሰማያዊው፣ ሰማያዊው ሲወርድ ጥቁሩ ይወጣል።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ድምፁ ጠፋ። የእሱ ድምፅ ሲጠፋ የምደነግጠው እኔ ነኝ፤ ሮጬ ወጣሁ። ከኋላ በግራ በኩል ጎማውን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ፊት ተንበርክኳል። ቀለሙ እስከ ባዶው ብረት ወርዷል። ብረቱ ላይ የትልቅ ሰው መዳፍ የሚያህል ቦታ ሁሉ ትንንሽ የመዶሻ ጠባሳ ነው፤ በመሐሉ የተቀደደውን የገጠመ ቢጫ የነሐስ ብየዳ፣ ወልገድ ያለ፣ የጀማሪ ሥራ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የድሮ ጥገና ነው።"

"ያስጠላል። ፍቀህ አስተካክለው እንጂ።"

"አትንኪው!" ብሎ ጮኸብኝ። ልነካው እኮ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ባሰበት። እህል ሦስት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል። እያወራሁት ይሄዳል። መኪናዋን ይዞር ይዞርና እዚያ ቦታ ሲደርስ እጁን አሳርፎ ይቆማል። ሌላውን ሁሉ ሲያለሰልስ ያን ፓራፋንጎ ዘለለው። እኔም ጀምሮ ከተዋቸው ነገሮች አንዱ ነው ብዬ ተውኩት።

የካቲት ላይ የበሰበሰውን የመኪናዋን ወገብ ቆርጦ አዲስ መግጠም ነበረበት። ወገብ የሚለው ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደውን፣ ሣጥን መሳዩን ብረት ነው፤ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት እሱ ነው። እንግዲህ እኛ ጉድጓድ ስንቆፍር፣ ቤት ስንጀምር፣ ልጅ ፊደል ስናስቆጥር ኮከብ ቆጣሪ ሳንጠይቅ አንነካም። ባሌም ጠየቀ። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ከስድስት፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ። ጤነኛ ሰው በመልካሙ ሰዓት አንድ ጭረት ይጭርና ቀሪውን ወሩን ሙሉ በእርጋታ ይሠራዋል። የእኔው ግን "መልካሙ ሰዓት ለግራው ብቻ ውሎ ቀኙ በየትኛው ሰዓት ሊቆረጥ ነው?" አለና ኒሃልን ከነመቁረጫ ማሽኑ ጠራው።

በሮቹ ተነቅለዋል። መኪናዋ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ተደግፋለች፤ መሐሏ ባዶ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ባሌ በግራ፣ ኒሃል በቀኝ፣ ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ዞረው እሳት ያዘንቡ ጀመር። ኒሃል ወደ ምሥራቅ ለመዞር አንገቱን ጠምዝዞ፣ ብረቱን በዓይኑ ጫፍ እያየ ነው የሚቆርጠው።

"አያ ቲላካ፣ ጣቴ ከሄደ መልካሙ ሰዓት ይመልስልኛል?"

"አታውራ! ስድስት ደቂቃ ቀረን!"

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ሁለቱም ወገብ ወደቀ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ መኪናዋ እንደ ደከመ ሰው እፎይ ብላ መሐሏ ዝቅ አለ።

"ዝቅ አለች" አልኩ።

"ዓይንሽ ነው" አለኝ።

ዓይኔ አልነበረም። አንድ ወር ተኩል አዲሱን ወገብ ሲበይድ ቆይቶ መጋቢት መጨረሻ ላይ በሮቹን ሊሰቅል መጣ። የግራው ላዩ ከጣሪያው ብረት ጋር ይላተማል፤ ሥሩ ላይ ድመት ያሳልፋል። ቀኙ ጨርሶ አልገባም። ማጠፊያውን ቀያየረው። ጠርዙን ሞረደው። በትከሻው ገፋው፣ በእግሩ መታው። በመጨረሻ መዶሻውን ወርውሮ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ በሳው። ዘመን መለወጫ ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ኒሃል መጥቶ በሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ይህን የሚያቀና አንድ ባትላሜራ ነው ያለው፤ ማን እንደሆነ ደግሞ አንተም ታውቃለህ" አለ። እውነቱን ነው። አያ ጂናዳሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው፤ ከጋል እስከ ማታራ የተጨማደደ መኪና ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚጎተተው።

"እሱ ጋማ አልሄድም" አለ ባሌ።

"ለምን?" አልኩ እኔ። "ዘይት ልትቀባ አይደል እንዴ የምትሄደው? ለበሩም ለአናትህም በአንድ ጉዞ ይሆንልሃል።"

ኒሃል ሳቀ፤ ባሌ አልሳቀም። ኒሃል ሲሄድ ፓራፋንጎው ጋ ተቀመጠ። ተቀመጠ ነው የምላችሁ! ያኔ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝና ትራሴን አስቀመጥኩ።

"ይህን የገጨሁት እኔ ነኝ" አለ።

የዛሬ አርባ ስምንት ዓመት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ አባቱ ለስብሰባ ኮሎምቦ ሄደው ሳለ መኪናዋን ሰርቆ አወጣት። አንዲት ልጅ ልታየው። (እኔ አይደለሁም፤ ጠይቄዋለሁ።) ከድልድዩ ግንብ ጋር አላተማት። አያ ጂናዳሳ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ለመምህራን ማሠልጠኛ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። መጽሐፋቸውን ጥለው፣ ከጀልባ ጠጋኝ የብየዳ መሣሪያ ተውሰው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀጠቀጡት፤ በነሐስ ገጠሙት፤ ቀለም ቀቡት። አባትየው ግን እንደገቡ እጃቸውን አሳርፈው አወቁት። "ማነው?" አሉ። ባሌ መልስ ሳይሰጥ አያ "እኔ ነኝ" አሉ። አባትየው ያን ዕለት ከቤት አባረሯቸው። ፈተናውም ቀረ። ጋል ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጠራጊ ሆነው ገቡ፤ ባትላሜራነቱ ከዚያ የመጣ ነው።

"አባባ ሲሞት" አለ ባሌ፣ "‹ላላጋጫት ልጄ› ሲል… አያ አየኝ። እንድናገር ነበር የሚጠብቀኝ። እኔ መጋረጃ ጎተትኩ።"

ደሜ ፈላ። "ምን ዓይነት ሰው ነህ? አሥራ አንድ ዓመት ያንን ሰው ስስታም እያልኩ ሳማው ዝም ብለህ ትሰማኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ልትቀባ ስትል ምን ብለህ ልትቀባ ነበር?"

"መኪናዋን አሳምሬ ወስጄ በሩ ላይ ላቆምለት። ከዚያ… ይገባዋል ብዬ።"

"እሱማ ድሮ ገብቶታል! አንተ ነህ ያልገባህ!"

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ለአክብሮት የሚሰጠውን የቡላት ቅጠል ይዤ በባጃጅ ራትጋማ ሄድኩ። ሚስጥሩን ልናገርለት አልነበረም፤ አፍ አለው፣ ይናገር። እኔ ስለ በሩ ብቻ ልነግራቸው ነው።

አያ ጂናዳሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ዓመት ሆኖታል አሉኝ፤ ደም ግፊት ጥሎአቸው፣ ሲነሱ ያ እጅ አብሮ አልተነሳም። መዶሻ የያዙበት እጅ ማለት ነው። ማንም አልነገረንም። አፈርኩ፤ እግራቸው ሥር ወድቄ ሰላም አልኳቸው። ቅጠሉን ተቀበሉ፤ ተቀመጪ ግን አላሉኝም።

"አያ፣ የመኪናዋ በር አልዘጋ አለ።"

"ወገቧን ቆረጠ?"

"አዎ።"

"ሁለቱንም ጎን ባንዴ?"

"በመልካሙ ሰዓት ነው ብሎ…"

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። "መሐሏን በብረት ሳይወጥር! በሯንም ነቅሎ! ያ ቅብጥብጥ!" ከዚያ ፊታቸውን ሰበሰቡ። "ይኸው እጄን ታያለሽ። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ልነሳ ስል ጠሩኝ።

"ያሳዋቲ። ቀለሙን ሁሉ ላጠው?"

"አዎ።"

"የኋላ ግራውንም?"

"አዎ፣ አያ።"

"ፋቀው?"

"አይነካውም። እኔንም አላስነካ ብሏል።"

ወደ ሐይቁ ዞሩ። ከዚያ በግራ እጃቸው ጃንጥላቸውን ፈለጉ። "ዛሬ አይደለም፤ በዋዜማው እመጣለሁ" አሉ።

በዋዜማው ጠዋት ከአውቶቡስ ወርደው ገቡ። ባሌ ሲያያቸው የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ሰላም እንኳ አልተባባሉም። አያ መኪናዋን በግራ መዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሯት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ኋላ ግራው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው ቆመ። ከዚያ አለፉ።

"ክሪክ አምጣ" አሉ። "ሁለት። ቱቦላሬም ቁረጥ፣ በበሩ ክፈት ልክ።"

"አያ፣ እኔ…"

"ክሪክ ነው ያልኩህ።"

ሲሠሩ ዋሉ። ባሌ የራሱን ብየዳ መልሶ ቆረጠ፤ አንዱን ጎን ብቻ፣ ሌላው ሳይነካ። አያ ወንበር ላይ ሆነው ያዝዛሉ፤ ክሪኩ ከመሐሏ ሥር ይነሳል፤ ቱቦላሬው፣ አራት ማዕዘኑ የብረት ቱቦ፣ በበሩ ክፈት ውስጥ ተወጥሮ ይይዛታል።

"ትንሽ ንካው። ትንሽ አልኩ! ባቡር አይደለም የምትገፋው!"

"አንተው ና ሥራው እንግዲህ!"

"እጅ ቢኖረኝ አንተን አልለምንም ነበር። ይህ ብየዳ ነው? ዶሮ የተፀዳዳበት ነው የሚመስለው።"

"ከስልክ ነው የተማርኩት።"

"ስልኩ ይበይድልህ!"

እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የበዓሉን የዘይት ኬክ እየጠበስኩ አፌን በሽርጤ ይዤ እስቃለሁ። አመሻሹ ላይ የግራው በር ተሰቀለ። ባሌ በጣቱ ገፋው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ ያለ ትግል። ባሌ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ከፈተው፣ ዘጋው። አያ እኛ ጋ አደሩ።

በማግስቱ ቀኙን ሊያደርሱ ፀሐይ ሳትወጣ ጀመሩ፤ አልደረሰም። ቀኙ ተቆርጦ፣ መሐሏ በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ የቤተ መቅደሱ ከበሮ ተመታ፤ ርችት በየጓሮው ተንጣጣ። አሮጌው ዓመት ወጣ፤ አዲሱ አልገባም። በዚህ መሐል በእኛ ዘንድ ሥራ የለም። እሳት አይነድም፣ አይበላም፣ መንገድ አይጀመርም። የምድጃው መልካም ሰዓት ስምንት ሰዓት ከአርባ ሁለት ነው፤ በመሐሉ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ባዶ ጊዜ አለ ማለት ነው።

ባሌ የብየዳውን ዘንግ እንደያዘ ቀረ። "አንዲት ጠብታ ብቻ…"

"አስቀምጥ" አሉ አያ።

በዚህ ሰዓት የሚኬደው ቤተ መቅደስ ብቻ ነው፤ እኔም መሄድ ነበረብኝ። ግን ሁለቱን ከመዶሻ ጋር ብቻቸውን ትቼ አልሄድም። በረንዳ ላይ ትራሴን ሳልነካ ተቀመጥኩ። እነሱ ከመኪናዋ ፊት አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው። ባሌ ተነሳ፤ ጉድጓዱ ጋ ሄደ፤ ተመለሰ። ተቀመጠ። ተነሳ። ክሪኩን አየ። እጁን ሊሰድ ሲል አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተቀመጠ። ሻይ የለ፣ ሥራ የለ፣ ባቡር እንኳ ያን ቀን አልፎ አልፎ ነው።

"ስትነሳ ሦስተኛህ ነው" አሉ አያ። "ተቀመጥ፣ ማሊ።"

ማሊ፣ ታናሼ፣ ካሉት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ባሌ ተቀመጠ፤ መሬቱን እያየም ተናገረው። ሁሉንም። ልጅቷን፣ ድልድዩን፣ መጋረጃውን።

አያ እስኪጨርስ ሰምተውት አንገታቸውን ደፉ። እኔ ይቅር አሉት ብዬ ዓይኔን ስጠርግ፣ "አርባ ስምንት ዓመት" አሉ። "ስባረርስ ልጅ ነህ፤ ፈራህ፤ እሺ። ስታገባስ? ልጆቼ ሲወለዱስ? አባባ አልጋ ላይ ሆኖ ያን ሲናገር፣ ጃንጥላዬን ይዤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ። አንድ ቃል፣ ‹እኔ ነኝ› ብትል፣ ሰውየው እኔን ልጄ ብሎኝ ይሞት ነበር።"

"አውቃለሁ። አሁን ለሁሉም እናገራለሁ።"

"ለማን? መስማት የነበረበት ሞቷል!"

ተነሱና ጃንጥላቸውን አነሱ። እስከ ውጭ በር ሄዱ። እዚያ ቆሙ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ዓመት በሌለበት ሰዓት መንገድ የሚጀምር የለም። ጥቂት እንደ ቆሙ፣ እየተራገሙ ተመልሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውታል፤ ግን ተቀመጡ። ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ እንዲያ ነበሩ። ባሌም ከዚያ በኋላ አልተነሳም፤ ያለቅስ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ምድጃውን አያያዝኩ፤ ወተቱ ገነፈለ፤ መገንፈሉ የበረከት ምልክት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አራት የመጀመሪያ ሥራ የሚነካበት ነው፤ ሰው ሁሉ ከየሙያው ትንሽ ይነካል። እኔ ሁለት ቀሰም አቀያየርኩ። አያ ወደ ባሌ ሳይዞሩ በግራ እጃቸው የብየዳውን ዘንግ አቀበሉት። "በዶሮ አይደለም፣ በሰው ሙያ" አሉ። በዚያ ሳምንት ሁለቴ እየተመላለሱ ቀኙን አስጨረሱት፤ ከሥራው ውጭ ግን አንድ ቃል አልጨመሩለትም።

ዘይት የሚቀባበት መልካም ሰዓት በተከታዩ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ባሌ መኪናዋን በቀይ ፀረ ዝገት ቀለም ረጫት፤ ለአረንጓዴው ጊዜ አልነበረም። የኋላ ግራ ፓራፋንጎዋን ግን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ባዶ ብረቱን ከነጠባሳው፣ ከነነሐሱ፣ በሚያሳይ ቫርኒሽ ብቻ ቀባው።

"ረሳኸው" አልኩት።

"አልረሳሁትም" አለ።

ወጣን። መታጠፊያው ላይ ሎተሪ ሻጩ "ይቺ ደግሞ ሳትጨርሳት ነው የወጣኸው?" አለ። ባሌ መኪናዋን አቆመ። ወርዶ ነገረው። "በአሥራ ስድስት ዓመቴ ገጭቼ ወንድሜን ያስባረርኩበት ነው። የጠገነው እሱ ነው።" ዓሣ ገበያው ጋ ሌላ ጠየቀ፤ ነገረው። ራትጋማ እስክንገባ አራት ቦታ ቆምን፤ እኔ ሰዓቱ አለፈ እያልኩ እጮሃለሁ።

የአያ ሚስት ኩሱማ ከነልጆቿ ከነልጅ ልጆቿ ደጅ ላይ ወጥታ ነበር። መኪናዋን ዞረቻት። "ይሄ ቁስል ምንድን ነው?" አለች።

ባሌ በሁሉም ፊት ነገራት። ስለ ፈተናውም፣ ስለ መባረሩም። ኩሱማ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ባሌ ሳይሆን ወደ ባሏ ዞረች።

"ትምህርት ጠልቼ ነው ያቆምኩት ብለኸኝ ነበር" አለች። "ስንጋባ። እኔም ለልጆቻችን እንደ አባታችሁ ሰነፍ እንዳትሆኑ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው።"

ትልቁ ልጃቸው፣ የአርባ ዓመት ጎረምሳ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እኔ እንደዚያ ቀን ባሌን የጠላሁበትም ያዘንኩለትም ጊዜ የለም።

"ዘይቱን አምጡ" አሉ አያ በመጨረሻ። "ሰዓቱ ሊያልፍ ነው።"

ባሌ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ኩሱማ የዘይቱን ሳህን ይዛ ቀረበች። አያ ግራ እጃቸውን ወደ ዘይቱ ሰደዱና መለሱት። በግራው የቀኙን አንጓ ይዘው አነሱ፤ ያንን የሞተ እጅ ዘይቱ ውስጥ ነክረው፣ አምጥተው ባሌ አናት ላይ አሳረፉት። ምርቃቱን በቀስታ አሉት። ዘይቱ በግንባሩ፣ በአፍንጫው ወረደ። ያ እጅ ከባድ ነው፤ በራሱ አይነሳም። ኩሱማ ሳህኑን አስቀምጣ መጥታ እስክታነሳው ድረስ ባሌ አልተንቀሳቀሰም።